ጠባዩን በር ላይ ትቶ የገባ ሰው እስካሁን አላየሁም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ስለ ምእመናን አንድነት ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው ራሴን በስምምነት እየነቀነቅኩ ነበር። ሁለተኛ ጊዜ ግን አንድ ቦታ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ጸሐፊው ቤተ ክርስቲያን የምትታወከው እያንዳንዱ የየራሱን ጠባይ ይዞ ስለሚገባ ነው፣ ሁላችንም ጠባያችንን በር ላይ ትተን ብንገባ አንድ በሆንን ነበር ይላሉ።

በሩ ላይ የምቆመው እኔ ነኝ።

በቤተ ክርስቲያናችን በአስተናጋጅነት ሳገለግል ዘንድሮ 19 ዓመቴ ነው። በእነዚህ ዓመታት ሰው በር ላይ ረስቶት የሄደውን ዕቃ ሁሉ የሰበሰብኩት እኔ ነኝ። ጃንጥላ በብዛት። መነጽር። የዓመት የስብከት ማስታወሻ የታጨቀበት መጽሐፍ ቅዱስ። የሕፃን ጫማ፣ ሁልጊዜ አንድ እግሩ ብቻ። አንድ ጊዜ ደግሞ በመሐረብ የተጠቀለለ ሰው ሠራሽ ጥርስ አግኝቼ፣ ባለቤቱን ሳላሳፍር ለመመለስ ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል። ጠባይ ግን አንድም ቀን ወድቆ አላገኘሁም። ሁሉም ይዞት ይገባል፣ ይዞት ይወጣል። ስለዚህ ጸሐፊውን በማክበር፣ ከበሩ በኩል የሚታየውን እኔም ልጻፍ ብዬ ነው።

መድረክ ላይ ያለ ሰው የሚያየው የተቀመጠ ሕዝብ ነው። እኔ የማየው አመጣጥን ነው። አንዲት እናት አሉ፤ ጉባኤው ሊጀመር 40 ደቂቃ ሲቀረው ይመጡና ከፊት ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። በዚያ ሰዓት ሰላም ሊላቸው የሚጠጋ ሰው ከጸሎታቸው እያናጠባቸው እንደሆነ አይገባውም። አንድ ወጣት አለ፤ ሁልጊዜ ሁለተኛው መዝሙር ላይ ይገባል። ለዓመታት ሰነፍ ይመስለኝ ነበር። ኋላ ስሰማ ለካ ቀድሞ ነው የሚመጣው። መግቢያው ላይ ያለው ግፊያ ትንፋሹን ስለሚያሳጥረው ሰው ገብቶ እስኪያልቅ ውጭ ግድግዳ ተደግፎ ይቆያል። አንዲት እህት ደግሞ አለች፤ ከበሩ እስከ ወንበሯ ያለውን ሃያ እርምጃ ለመጨረስ ሩብ ሰዓት ይፈጅባታል፣ ሳታቅፈው የምታልፈው ሰው የለማ! እጁን ከሩቅ ዘርግቶ የሚመጣ አለ፤ አንገቱን ሰበር አድርጎ ማለፍ የሚበቃውም አለ። እኔም በጊዜ ብዛት ለማን እጄን እንደምዘረጋ፣ ለማን በዓይኔ ብቻ ሰላም እንደምል ለይቻለሁ። ባለቤቴ "የእኔን ጠባይ እንዲህ ብታጠናው የት በደረስን" ትለኛለች። አትሳሳትም።

ይህን ከመማሬ በፊት ግን አንድ ሰው አሳድጄአለሁ። ደብዳቤውን የምጽፈውም በዋናነት በእሱ የተነሳ ነው።

ለሰባት ወር ያህል አንድም እሁድ ሳይቀር የመጣ ሰው ነበር። ዕድሜው ወደ ሃምሳ ይጠጋል። የመጨረሻው ረድፍ ላይ፣ ከበሩ አጠገብ ባለው ዳር ወንበር ይቀመጣል። ሲዘመር ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፁ አይሰማም። "ከጎናችሁ ላለው ሰው ሰላም በሉ" ሲባል ከጎኑ ላለው ሰው ብቻ ሰላም ይላል፤ እንደተባለው ማለት ነው። ሌላው ረድፍ አቋርጦ ሲተቃቀፍ እሱ መጽሐፍ ቅዱሱን ገልጦ ይጠብቃል። ስብከቱ አልቆ የመዝጊያው ጸሎት ሲጀመር ደግሞ ብድግ ብሎ ይወጣል። ቡራኬውን ሳይጠብቅ! ይህ ነገር ከነከነኝ። የበር ሰው ነኝና፣ በቆምኩበት በር ሰው ያለ ቡራኬ ሲወጣ ጥፋቱ የእኔ መሰለኝ።

መጀመሪያ መጸለይ ጀመርን። አስተናጋጆች ከጉባኤው በፊት ክብ ሠርተን ስንጸልይ "ያ የተጎዳው ወንድማችን" እያልን እናነሳው ነበር። መጎዳቱን ማን ነገረን? ማንም። ዝም ስለሚል ተጎድቷል፤ ቶሎ ስለሚወጣ የሚሸሸው ነገር አለ፤ በቃ። አንዳችን "የትዳር ነገር ሳይሆን አይቀርም" አልን፣ ሌላችን "ከነበረበት ቤተ ክርስቲያን ተቀይሞ ነው የመጣው" አልን። ሁለት ወር ሳይሞላ ሰውየው ስለ ራሱ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ እኛ ሙሉ የሕይወት ታሪክ ጽፈንለት ነበር። በሐሜት አልነበረም፤ በእንባ ነበር። እንዲያውም ሐሜት ቢሆን ኖሮ ሳናፍርበት አንቀርም ነበር ብዬ አስባለሁ።

በመጨረሻ አንድ እሁድ እኔ ወደ ፕሮግራም መሪው ጠጋ ብዬ "ያንን ወንድም ወደ ፊት ጥራው፤ ራሱን ያስተዋውቅና እንጸልይለት" አልኩት። ተጠራ። እስከ መድረኩ ያለውን መተላለፊያ ሲሄድ ጀርባውን ነበር የማየው፤ ፊቱን ባየው ኖሮ ምናልባት ይገባኝ ነበር። ማይክ ተሰጠው። ስሙን ተናገረ፣ "እግዚአብሔር ይባርካችሁ" አለ፣ ማይኩን በሁለት እጁ መለሰ። አምስት ሰዎች ትከሻው ላይ እጃቸውን ጭነው ጸለዩለት፣ ሕዝቡ አጨበጨበ። እኔ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። በሚቀጥለው እሁድ ዳሩ ወንበር ባዶ ሆነ። በሚቀጥለውም፣ ከዚያ በሚቀጥለውም።

ዓመት ሊሞላ ሲል አንድ መሥሪያ ቤት ወረፋ ላይ ተገናኘን። መጀመሪያ ያየኝ እሱ ነው፤ ተራውን ትቶ ወደ ኋላ መጥቶ ሰላም አለኝ። "ወንድሜ፣ ምን አስቀይመንህ ነው የጠፋኸው?" አልኩት።

"ጋሼ፣ አልተቀየምኩም" አለኝ። "ግን አንድ ነገር ልንገርዎ። እኔ እኮ ምንም አልሆንኩም ነበር። ቤቴም ልጆቼም ደህና ናቸው። እንዲሁ ዝምተኛ ነኝ። የዚያን ቀን ሰዎቹ እያለቀሱ ሲጸልዩልኝ ግን፣ እኔ የማላውቀው ነገር ደርሶብኝ ይሆን እንዴ ብዬ ፈራሁ።"

ሳቅን። እሱ ከልቡ ነው የሳቀው፤ እኔ ለማምለጥ ነው የሳቅኩት። "ቡራኬውንስ ለምን ትተህ ትወጣ ነበር?" አልኩት።

"አንድም ቀን ትቼ አላውቅም። ውጭ ደረጃው ላይ ቆሜ እሰማው ነበር። ሰው መውጣት ሲጀምር ነው የምሄደው።"

በዚያ ሰዓት እኔ የት ነበርኩ? ከእሱ አራት እርምጃ ላይ። ቡራኬ ሲሰጥ አስተናጋጅ ፊቱን ወደ መድረክ ያዞራል፤ ለሰባት ወር ጀርባዬን ሰጥቼው ቆሜ "ይህ ሰው ቡራኬ አይቀበልም" ስል ነበር።

እንዲመለስ ለመንኩት። "አሁን እኮ ሁሉም ያውቀኛል" አለኝ። ለአብዛኞቻችን ይህ የመምጫ ምክንያት ነው። ለእሱ የመቅሪያ ምክንያት ሆነ።

ታሪኩን ለሽማግሌዎች ነገርኳቸው። እውነቱን ለመናገር ጥፋተኛው እኔ መሆኔን የተናገርኩት በሁለተኛው ስብሰባ ነው፤ በመጀመሪያው "አንድ አገልጋይ" ነበር ያልኩት። ከዚያ በኋላ የተለወጡ ጥቂት ነገሮች አሉ። አዲስ የመጣን ሰው ማስነሳት ቀረ፤ የፈለገ ስሙን በካርድ ጽፎ ይሰጣል፣ ያልፈለገ ይቀመጣል። በበሩ በኩል ያሉት ሁለት የመጨረሻ ረድፎች መውጣትና መግባት ለሚፈልግ ሰው ተተዉ፤ "ወደ ፊት ጠጋ በሉ" እያልኩ እዚያ ያለውን ሰው መንዳት አቆምኩ። ይህ ለእኔ ቀላል አልነበረም። ፊት ባዶ ሆኖ ኋላ ሲሞላ እጄን ያሳክከኛል።

በቤት ኅብረታችን ደግሞ በየተራ ጮክ ብሎ መጸለይ ግዴታ ነበር። አንዲት እህት ሁልጊዜ ተራዋ ሊደርስ ሁለት ሰው ሲቀረው ስልክ ይመጣባት ነበር። እኛም ሥራ የበዛባት ሴት ናት እንል ነበር። አሁን ጮክ ብሎ መጸለይ ያልፈለገ ከጎኑ ያለውን ሰው ክንዱን ነካ ያደርገዋል፣ ተራው ያልፋል። እህታችን እስካሁን ጮክ ብላ አልጸለየችም። ስልክ ግን መጥቶባት አያውቅም።

ለውጡን ሁሉም ወደደው ብል እዋሻለሁ። በተለይ ያች ሃያ እርምጃ በሩብ ሰዓት የምትሄደው እህት መጥታ "ቤተ ክርስቲያኑን የሐኪም ቤት ተራ መጠበቂያ አደረጋችሁት፤ ሰው እንዳይነካ ተፈራ እኮ!" አለችኝ። ተቆጣሁ፤ ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ግማሽ እውነት አላት። እሷ ባትኖር ማን እንደታመመ፣ ማን ሥራ እንዳጣ፣ የማን ልጅ ፈተና እንደወደቀ አናውቅም ነበር። ሦስት ሳምንት የቀረ ሰው ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆማ የሚያገኛት እሷን ነው። ዝምተኞቻችን ደግሞ የዋሆች ብቻ አይደሉም። ከእነሱ አንዱ ስለ እሷ "ጩኸት መንፈሳዊነት መሰላት" ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ዝም ያለ ሰው የማይፈርድ ይመስለናል፤ ውስጥ ውስጡን ሲፈርድ ግን ይግባኝ የሌለው ዳኛ ነው።

በዚያ ሰሞን ወደ ሮሜ ሰዎች የተጻፈውን መልእክት ምዕራፍ 14 ደጋግሜ አነበብኩ። እዚያ ያሉት ምእመናን አንዱ ሁሉን ይበላል፣ ሌላው አትክልት ብቻ ይበላል፤ አንዱ ቀንን ከቀን ያስበልጣል፣ ሌላው ቀን ሁሉ እኩል ነው ይላል። ለስንት ዓመት ያለፍኩትን ነገር ያን ጊዜ ነው ያስተዋልኩት፤ ጳውሎስ ለሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት ተግሣጽ አይሰጥም። የሚበላውን "አትናቅ" ይለዋል። የማይበላውን "አትፍረድ" ይለዋል። የየራሳቸውን ኃጢአት ለይቶ ነው የሰጣቸው። የእኛም ነገር ይኸው ነው። ተግባቢዎቻችን ዝምተኛውን ይንቁታል፣ ወይም እንደ እኔ ያዝኑለታል፤ በንቀትና በማዘን መካከል ያለው ርቀት ብዙ እንዳልሆነ ከዚያ ሰውዬ ተምሬአለሁ። ዝምተኞቻችን በበኩላቸው በተግባቢው ላይ ይፈርዱበታል። ጳውሎስ አትክልት በሉም፣ አትክልት ተዉም አላለም፤ እያንዳንዱ በገዛ አእምሮው አጥብቆ ይረዳ ብሎ፣ ሁለቱን እዚያው አንድ ማዕድ አጠገብ ተዋቸው።

ለእህታችን ይህን ላነብላት አሰብኩና ተውኩት። ይልቅ "አንቺን የሚፈልግ ሰው አለ፣ የሚሸሽሽም አለ፤ በሩ ላይ አብረን ቆመን እንለይ" አልኳት። አሁን በወር ሁለት እሁድ አብራኝ ትቆማለች። አንዳንዴ ክንዴን ጨብጣ "ይሄንን ልቀፈው?" ትለኛለች። አንዳንዴ እኔ አይሆንም እያልኳት አቅፋው፣ ሰውየው በደስታ ሲያለቅስ አያለሁ። እንግዲህ ሁልጊዜ ትክክል አይደለሁም።

የአዲስ መጪዎችን ካርድ የሚቀበለውም ያ ሁለተኛው መዝሙር ላይ የሚገባው ወጣት ነው። ይህን ያመጣው የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ነው። በኢየሩሳሌም ግሪክኛ ተናጋሪ የሆኑት ወገኖች መበለቶቻችን በዕለት ዕለቱ እደላ ችላ ተባሉብን ብለው አጉረመረሙ። ሰባት ሰዎች ተመረጡ፤ እስጢፋኖስ፣ ፊልጶስ፣ ጵሮኮሮስ፣ ኒቃሮና፣ ጢሞና፣ ጳርሜና፣ ኒቆላዎስ። ሰባቱም ስማቸው የግሪክ ስም ነው፣ አንዱ እንዲያውም ወደ ይሁዲነት የገባ የአንጾኪያ ሰው ነው። የማደሉን ሥራ ሁሉ፣ የሌላውን ወገን ድርሻ ጭምር፣ ቅሬታው ከተነሳበት በኩል ላሉ ሰዎች የሰጧቸው ይመስላል። በእኛ ዘንድ ግን ኮሚቴ ሲዋቀር የሚመረጠው ስብሰባ ላይ የሚናገር ሰው ነው፤ ቀጥሎ የሚመረጠውም እሱ የሚያውቀው፣ እንደ እሱ የሚናገር ሰው ነው። የእንግዳ ተቀባዮች ቡድናችን አሥራ አንድ ሰው ነበረው፤ ሰው የሚፈራ ግን አንድም አልነበረውም! ግፊያ የሚያስጨንቀው ልጅ ሲገባበት ነገሩ ተለወጠ። በር ላይ የሚያመነታ ሰው ሲያይ ሄዶ ከጎኑ ግድግዳውን ይደገፋል። ምን እንደሚያወሩ አላውቅም። ብዙ የሚያወሩም አይመስለኝም።

ከሁለት ዓመት በፊት ደግሞ የድምፅ ጉዳይ ሊከፍለን ነበር። ወጣቶቹ መሣሪያው ካልጮኸ የተዘመረ አይመስላቸውም፤ አረጋውያኑ ደረታችን ውስጥ ይመታብናል አሉ። ብዙ ስብሰባ ተደረገ፣ ጠንካራ ቃላትም ተወረወሩ። በመጨረሻ ስምምነት ላይ ተደረሰ፤ ጠዋት ዝግ ያለ ጉባኤ፣ ከሰዓት በኋላ ሞቅ ያለ ጉባኤ። ሁሉም በየጠባዩ። እኔም እጄን አውጥቼ ደገፍኩ።

ለሦስት ወር ሞከርነው። በሩ ላይ ፍጹም ሰላም ነበር፣ ቅሬታ የሚያቀርብልኝ ሰው ጠፋ። አራተኛው ሳምንት ላይ ያ ቀድመው የሚመጡት እናት እጄን ይዘው "ያ ጫጫታ የሚያበዛው ልጅ ደህና ነው?" አሉኝ። ሚክሰሩ ላይ የሚቀመጠውን ልጅ ነው። "ከሰዓት በኋላ ነው እኮ የሚመጣው፣ እማማ" አልኳቸው። "ደረጃውን ይዞ የሚያወርደኝ እሱ ነበር" አሉኝ። ከጠዋቱ ሰዎች ማንም አላወረዳቸውም፤ ሁሉም የየራሱን ጉልበት እያሰበ ይወርዳል። ይህን ለልጁ ስነግረው ፊቱ ተለወጠ። "እሳቸው እኮ ናቸው የሚነግሩኝ" አለኝ። ምኑን? "ድምፁ ሲበዛ ዓይናቸውን ይገልጡና ዞር ብለው ወደ እኔ ያያሉ። ያኔ ዝቅ አደርገዋለሁ። አሁን ግን ማንም አያየኝም፣ እኔም እየጨመርኩ ነው።" ጆሮው መጮህ እንደጀመረ የነገረኝ የዚያን ቀን ነው።

ሁለቱ ጉባኤዎች ተመልሰው አንድ ሆኑ። ድምፅ ማጉያዎቹ ከሦስተኛው ረድፍ ራቁ። የመጀመሪያው መዝሙር ያለ መሣሪያ ይዘመራል፣ የመጨረሻው በሁሉም መሣሪያ። በመጀመሪያው ወጣቶቹ ያዛጋሉ፣ በመጨረሻው አረጋውያኑ ጆሯቸውን ይይዛሉ። ችግሩ ተፈታ አልልም፤ ቅሬታው እኩል ተከፋፈለ።

በዚያ ክርክር ወቅት አንድ መምህራችን የነገረን ታሪክ ነበር። እ.ኤ.አ. በ155 አካባቢ የሰምርኔሱ ጳጳስ ፖሊካርፐስ ወደ ሮም ሄዶ ከሮሙ ጳጳስ ከአኒቄጦስ ጋር ተገናኘ። ካለያዩአቸው ነገሮች ዋነኛው የፋሲካ ቀን ነበር። የእስያ ክርስቲያኖች (የዛሬዋ ምዕራብ ቱርክ) በአይሁድ የኒሳን ወር 14ኛ ቀን ያከብራሉ፣ ቀኑ በየትኛውም ዕለት ይዋል፤ ሮማውያኑ እሁድን ይጠብቃሉ። ሁለቱም ከአባቶቻችን የተቀበልነውን አንተውም አሉ፤ አንዱም ሌላውን ማሳመን አልቻለም። ታዲያ አኒቄጦስ ፖሊካርፐስን በገዛ ቤተ ክርስቲያኑ ቅዱስ ቁርባኑን እንዲመራ አከበረው፤ በሰላምም ተለያዩ። ከ35 ዓመት ገደማ በኋላ የሮሙ ጳጳስ ቪክቶር በዚሁ ጉዳይ የእስያን አብያተ ክርስቲያናት ከኅብረት ሊለይ ሲነሳ፣ የሊዮኑ ጳጳስ ሄሬኔዎስ ይህንኑ የቀድሞ ነገር አስታውሶ ጻፈለት፤ ከፋሲካው በፊት ባለው ጾማችን አለመመሳሰላችን የእምነታችንን አንድነት ያጸናል ሲል። ታሪኩን የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው አውሳብዮስ መዝግቦታል። እኔን የያዘኝ የአኒቄጦስ ነገር ነው። ሐሳቡን አልቀየረም። ቦታውን ግን ለቀቀ። በእኛ ስብሰባ ላይ ሐሳባቸውን ያልቀየሩ ብዙዎች ነበሩ፤ ቦታውን የለቀቀ ግን አላየሁም፣ እኔንም ጨምሮ።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ጸሐፊውን እበድላለሁ። እሳቸው የሚፈሩት ነገር አለ፣ እኔም እፈራዋለሁ። "ጠባዬ ነው" የሚለው ቃል መደበቂያ ይሆናል። በስብሰባ ላይ ሰው እየሰደበ "እኔ ግልጽ ሰው ነኝ" የሚል ወንድም ነበረን። ግልጽነት አልነበረም፤ ስድብ ነበር፤ ሁለት ሰው አስለቅሶ አንዷን ከአገልግሎት አስወጥቷል። ሽማግሌዎቹ ጠባዩ ነው እያሉ አራት ዓመት ታገሡት። ያ ትዕግሥት የተከፈለው በእነሱ እንባ አልነበረም። ዝምታ፣ ማርፈድ፣ ማቀፍ፣ ጮክ ብሎ መጸለይ በማንም ላይ የተሠራ በደል አይደለም፤ ሰውን ማዋረድ በደል ነው። ልዩነቱ ይህን ያህል ቀላል ሆኖ ሳለ ስንት ጊዜ እንዳምታታነው ይገርመኛል፤ ዝምተኛውን መድረክ ላይ አውጥተን ልንፈውሰው ሞከርን፣ ተሳዳቢውን ግን "ተቀበሉት" አልን።

አብሮ መሥራት የማይሆንላቸው ሰዎችም አሉ። ጳውሎስና በርናባስ በማርቆስ ምክንያት ብርቱ ጠብ ተጣልተው፣ አንዱ ወደ ቆጵሮስ፣ ሌላው ወደ ሶርያና ወደ ኪልቅያ ሄዱ። ይህ በመጽሐፉ ውስጥ ሳይሸፈን ተጽፏል። ያው ጳውሎስ በእስር ሆኖ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ግን ማርቆስን ይዘህልኝ ና፣ ለአገልግሎት ይጠቅመኛል ይላል። በእኛም ዘንድ ሁለት መዘምራን በአንድ ቡድን መቀጠል ስላልቻሉ የተለያየ ሳምንት ላይ መድበናቸዋል። አንዳቸው ሲዘምሩ ሌላቸው ተቀምጠው ይሰማሉ። ለጊዜው ይህም ይበቃል፤ ከዚህ በላይ ማስታረቅ የእኔ ድርሻ አይደለም።

ስለ ዳሩ ወንበር ልጨርስ። ሰውየው አልተመለሰም። አንድ ጊዜ ደውዬለት ነበር፤ ከቤቱ ራቅ ያለች አነስተኛ ጉባኤ እንዳገኘና እዚያ ማንም ስሙን እንዳልጠየቀው ነገረኝ። "ደስ ብሎኛል" አልኩት፤ ደስ ያለኝ ግማሼ ነው።

እኔ ግን አንድ ነገር ለውጫለሁ። ቡራኬ ሲጀመር ፊቴን ወደ ውጭ አዞራለሁ። የአስተናጋጆች አስተባባሪው መጀመሪያ ተቆጥቶኝ ነበር፣ አሁን ተወኝ። ከደረጃው ላይ ሁልጊዜ ሰው አይጠፋም። ሕፃን እያባበለች የምትወዛወዝ እናት ትኖራለች፣ ያ ግድግዳ የሚደገፈው ልጅ ይኖራል። ባለፈው እሁድ አራት ነበሩ። አንዱ ከዚህ በፊት አይቼው የማላውቀው ጎልማሳ ነው፤ ኮፍያውን በእጁ ይዞ፣ አንገቱን አቀርቅሮ ይሰማል። "አሜን" ሲባል ቀና አለና ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን።

ስሙን አልጠየቅኩትም።

አክባሪያችሁ
በር ላይ የሚቆመው አንባቢያችሁ